ቦርጭ ውስጥ ምን ይወራል?

ነገሩ የጀመረው በጥንቸል ነው። 1980 አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ አንቶኒ ሴራሚ የተባለ ተመራማሪ ትሪፓኖሶማ በሚባል ጥገኛ ተውሳክ የተለከፉ ጥንቸሎችን ይከታተል ነበር። ጥንቸሎቹ ከሱ፤ አጥንታቸው ወጣ። የሚገርመው በሰውነታቸው ውስጥ የነበረው ተውሳክ ያን ያህል ብዙ አልነበረም። ደማቸው ደግሞ በስብ ተሞልቷል። እስቲ አስቡት፤ ነዳጁ በደም ሥራቸው ሞልቶ ይፈሳል፣ እነሱ ግን ይመነምናሉ።

መልሱ ያልተጠበቀ ነበር። ጥንቸሎቹን ያከሳቸው ተውሳኩ ራሱ አይደለም። የገዛ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳታቸው የሚረጩት አንድ ሞለኪውል ነው። ይህ ሞለኪውል የስብ ሕዋሳት ከደም ውስጥ ስብ የሚቀበሉበትን ኢንዛይም ይዘጋዋል። ካኬክቲን አሉት፤ የሚያከሳ እንደማለት ነው። በ1985 ሴራሚና ብሩስ ቦይትለር አጣርተው ሲያወጡት ግን እንግዳ ሆኖ አልተገኘም። ከአሥር ዓመት በፊት ሌሎች ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ዕጢ ሲገድል አይተው ቲ ኤን ኤፍ ብለው የሰየሙት ያው ሞለኪውል ነበር።

ከዚያ 1993 መጣ። በአሜሪካ ጎክሃን ሆታሚስሊጊልና ብሩስ ስፒገልማን ከባልደረባቸው ጋር የወፈሩ አይጦችን ስብ መረመሩ። ያ አክሳው ቲ ኤን ኤፍ እዚያ ተገኘ፤ ያውም በብዛት። መድፈኛ ሰጥተው ሲያግዱት የአይጦቹ ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት ለሚያስገባው ሆርሞን፣ የተሻለ መታዘዝ ጀመረ። የሚያከሳው ነገር ወፍራም ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ይህ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ስለ ውፍረት፣ ስለ ስኳር በሽታና ስለ "ብግነት" (የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ቁጣ) ከምንሰማው ወሬ ብዙው ከዚህ ጥያቄ የተቀዳ ነው። አብዛኛው ወሬ ግን ነገሩን አቅልሎ ያወራል። ብግነት መጥፎ፣ ፀረ ብግነት ጥሩ፣ አለቀ። እኔ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም።

መጀመሪያ ስለ መልእክተኞቹ። በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ሳይቶካይን በሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ይነጋገራሉ። አንዱ ሕዋስ ይለቃል፣ አጠገቡ ያለው ይቀበላል። አብዛኛው ወሬ ሠፈር ውስጥ ይቀራል፤ ሲበዛ ግን በደም ተጉዞ ጉበት፣ ጡንቻና አእምሮ ድረስ ይደርሳል። ቲ ኤን ኤፍ አንዱ ነው። ኢንተርሉኪን የሚባሉት ደግሞ በቁጥር የሚለዩ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው።

ስብ ከእነዚህ ጋር ምን አገናኘው? ዝንብ እንጠይቅ። በፍራፍሬ ዝንብ ሰውነት ውስጥ ስብ የሚያከማቸው፣ የጉበትን ሥራ የሚሠራውና ጀርም ሲገባ መከላከያ የሚያመርተው አንድ አካል ነው። በዝንብ ዓለም ስንቁና የጦር መሣሪያው አንድ ጎተራ ውስጥ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ተመራማሪዎች በዚህ አካል ውስጥ የመከላከያውን ምልክት ያለ ምንም ጀርም ሲያበሩት የኢንሱሊን ምልክት ደከመ። የስብ ክምችቱ ቀነሰ፣ የዝንቧም ዕድገት ተጓተተ። እኛ ውስጥ ሥራዎቹ ለተለያዩ አካላት ተከፋፍለዋል። ጉርብትናው ግን አልተቋረጠም።

ምክንያቱም በሽታን መዋጋት ውድ ነው። ትኩሳት ብቻውን ብዙ ያስወጣል፤ የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የኃይል ወጪያችን ከ10 እስከ 13 በመቶ ገደማ ያድጋል። ይህን ወጪ ለመሸፈን ሰውነት በጀቱን ያዛውራል። ሳይቶካይኖች ለጡንቻና ለስብ "ለጊዜው ስኳር አትውሰዱ" ይላሉ። ስኳሩ በደም ውስጥ ይቆያል፣ ለሚዋጉት ሕዋሳትና ለአእምሮ ይተርፋል። ስኳር ያለበት ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጉንፋን ሲይዘው፣ ምግብ እንኳ ሳይበላ፣ የደም ስኳሩ ይወጣል። ይህ የሰውነት ስህተት አይደለም። የጦርነት ጊዜ በጀት ነው።

ችግሩ ጠላት ሳይኖር ጦርነቱ ሲቀጥል ነው።

የስብ ሕዋስ ሲወፍር እስከ ልክ ድረስ ይለጠጣል። ከልክ ሲያልፍ ኦክስጅን በበቂ አይደርሰውም፣ ይጨነቃል፣ አንዳንዱም ይሞታል። የተጨነቀ ሕዋስ ዝም አይልም፤ ይጣራል። ጥሪውን ሰምተው የሚመጡት ማክሮፌጅ የሚባሉት ናቸው። ሥራቸው ሬሳ ማንሳትና ጀርም መዋጥ ነው። በ2003 ሁለት የምርምር ቡድኖች በአንድ ጊዜ ያሳዩት ይህንን ነው። በቀጭን ሰው ስብ ውስጥ ማክሮፌጆች ከሕዋሳቱ ከ10 በመቶ በታች ናቸው። በወፍራም ሰው ወደ 40 በመቶ ይጠጋሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የሞተውን የስብ ሕዋስ ከበው ዘውድ ይመስላሉ፤ ስማቸውም ከዚያው የወጣ ነው። አንድ የሞተ የስብ ሕዋስ ትልቅ የዘይት ጠብታ ስለሆነ በአንድ ጉርሻ አይዋጥም። ስለዚህ ሥራው አያልቅም። ሥራው ካላለቀ ወሬውም አይቆምም፤ ቲ ኤን ኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1 ቤታ፣ ኢንተርሉኪን 6 በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይንጠባጠባሉ።

ኢንሱሊን በዚህ መሃል ምን ይሆናል? በተለመደው ጊዜ የሕዋሱን በር ያንኳኳል። ከበሩ ጀርባ ያለ ፕሮቲን መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ቲ ኤን ኤፍ በሌላ በር ገብቶ ይህንኑ ተቀባይ ፕሮቲን በተሳሳተ ቦታ ላይ ምልክት ያስደርግበታል። ከዚያ በኋላ ኢንሱሊን ቢያንኳኳ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ቆሽት የበለጠ ኢንሱሊን ይልካል፣ ለተወሰኑ ዓመታት ይካካሳል፣ ከዚያ ይደክመዋል።

የስብ ሕዋሱም ራሱ ኢንሱሊንን መስማት ሲያቆም የያዘውን ማፍሰስ ይጀምራል። ኢንሱሊን "ያዝ" የሚል ትእዛዝ ነበራ። የፈሰሰው ስብ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባል። የሆድ ዕቃ ስብ የባሰ የሚፈራው በዚህ ነው። ከአንጀት ዙሪያ የሚወጣው ደም አብዛኛው በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ስቡም ወሬውም ጉበት ላይ ያርፋሉ። የዳሌና የጭን ስብ እንዲህ አይነት አቋራጭ መንገድ የለውም። ሁለት ሰዎች እኩል መዝነው አንደኛው ጤነኛ፣ ሌላኛው የስኳር ታማሚ የሚሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወሬው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። ስብም ይናገራል። በ1994 የጄፍሪ ፍሪድማን ቤተ ሙከራ ሌፕቲንን አገኘ፤ ከስብ ሕዋስ ወጥቶ ለአእምሮ "ስንቅ አለን" የሚል ሆርሞን። ቅርጹን ሲያዩት ከኢንተርሉኪን 6 ጋር ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ተቀባዩም እንደዚያው። በ1998 ደግሞ በረሃብ የተዳከሙ አይጦች ሌፕቲን ሲሰጣቸው ተዳክሞ የነበረው መከላከያቸው ነቃ። ለመከላከያው የሌፕቲን መልእክት የበጀት ደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል። ስንቅ ከሌለ ጦር አይዘምትም። በጣም የተራበ ሰው በቀላል ኢንፌክሽን የሚሸነፍበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

እስካሁን ያልኩት ስብና መከላከያው ሲጣሉ ነው። በቀጭን እንስሳ ስብ ውስጥ ሰላም ያለው ማንም ስለሌለ እንዳይመስላችሁ። ሞልተዋል። ዲያን ማቲስና ክሪስቶፍ ቤኑዋ በ2009 ከቡድናቸው ጋር ባሳተሙት ሥራ በቀጭን አይጥ የሆድ ስብ ውስጥ ካሉት የአንድ ዓይነት ቲ ሕዋሳት (ከበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት መካከል ናቸው) ከግማሽ በላዩ "ቁጣ አብራጅ" የሚባሉት ሆነው ተገኙ። በሌላ ቦታ ድርሻቸው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። አይጡ ሲወፍር እነዚህ ሽማግሌዎች ይመናመናሉ። እነሱን የሚያቆያቸው ከስቡ ራሱ የሚመነጭ ኢንተርሉኪን 33 የሚባል መልእክት ነው። ይኸው መልእክት ሌሎች ሕዋሳትንም ይቀሰቅስና ነጩ ስብ ወደ ቡናማነት እንዲጠጋ፣ ማለትም ስቡን አቃጥሎ ሙቀት እንዲሰጥ ይገፋፋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይህ "ስብ አቃጣይ የመከላከያ ሕዋስ" የሚለው ታሪክ በጣም ይጥማል። ስለሚጥም ደግሞ ልንጠነቀቀው ይገባል። በ2011 አንድ ጥናት ማክሮፌጆች ራሳቸው እንደ አድሬናሊን ያሉ ነገሮችን አምርተው ስብ ያቃጥላሉ አለ። ዓለም አጨበጨበ። በ2017 ሌላ ቡድን በርካታ መንገዶችን ተጠቅሞ ሞከረው፤ ማክሮፌጆቹ ያን ያህል አያመርቱም ብሎ ደመደመ። ጫጫታው ለመጀመሪያው ነበር። እርማቱን የሰማው ትንሽ ሰው ነው።

ጥሩና መጥፎ የሚለው ክፍፍልም ይፈርሳል። ኢንተርሉኪን 10 ከሁሉም በላይ "ደግ" የሚባለው፣ ቁጣ የሚያበርደው ነው። በ2018 በወጣ ጥናት ግን ይህ መልእክት የሌላቸው አይጦች የበለጠ ስብ አቃጥለው ቀጭን ሆነው ተገኙ። ደጉ ሰው ምድጃውን ሲያጠፋው ነበር ማለት ነው። በተቃራኒው የፊሊፕ ሼረር ቡድን በ2014 በስብ ሕዋሳታቸው ውስጥ ብግነት እንዲቀንስ ተደርገው የተሠሩ አይጦችን አጠና። የምንጠብቀው ጤናማ ውፍረት ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ስቡ በአግባቡ መስፋት አቃተው፣ ትርፉ ጉበት ውስጥ ተከማቸ። አሮጌ ግድግዳ ሳያፈርሱ ቤት አይሰፋም። ማፍረሱ ደግሞ ትንሽ ቁጣ ይጠይቃል።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን ኢንተርሉኪን 6 ነው።

በወፍራም ሰው ደም ውስጥ ይህ መልእክት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በእረፍት ጊዜ ከሚዘዋወረው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከስብ እንደሚመጣ ይገመታል። ከልብ ሕመምና ከስኳር በሽታ ጋር አብሮ ስለሚታይ ስሙ ጠፍቷል። አሁን አንድ ሰው ረጅም ርቀት ሮጦ ሲጨርስ ደሙን ለኩት። ኢንተርሉኪን 6 እስከ 100 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ከየት መጣ? ከሚሠራው ጡንቻ። የዴንማርኳ ቤንቴ ክላርሉንድ ፔደርሰን ጡንቻም እንደ እጢ መልእክት እንደሚያመነጭ ያሳየችው በዚህ ነው። ስፖርት ለጤና ጥሩ ከሆነ፣ ስፖርት የሚለቀው ነገር እንዴት መርዝ ይሆናል?

በኮፐንሃገን በ2019 ይህን በሰው ላይ ፈተኑት። ቦርጭ ያላቸው ሃምሳ ገደማ ሰዎች ተመረጡ። ከፊሎቹ ለ12 ሳምንት ብስክሌት ነዱ፣ ከፊሎቹ አልነዱም። ከሁለቱም ወገን ለተወሰኑት ቶሲሊዙማብ ተሰጣቸው። ይህ መድኃኒት ኢንተርሉኪን 6 እንዳይሰማ የሚያደርግ ሲሆን ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚታዘዝ ነው። ብስክሌት የነዱት መልእክቱ ካልታገደባቸው የሆድ ስባቸው ቀነሰ። መልእክቱ የታገደባቸው ግን ላብ በላብ ሆነው ነድተውም የሆድ ስባቸው አልቀነሰም። መልእክቱ "ስቡን ልቀቅ" የሚለው ነበር፤ ሰሚ ሲያጣ ስቡ ቦታውን አልለቀቀም። በመድኃኒቱ ኮሌስትሮላቸውም ጨመረ።

አንድ ሞለኪውል፣ ሁለት ታሪክ። ልዩነቱ የሚመስለኝ ሰዓቱና ምንጩ ነው። ከጡንቻ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ከታመመ ስብ ሲመጣ ትንሽ ነው፤ ግን አያቆምም። በር አንኳኩቶ የሚሄድ እንግዳና ቀኑን ሙሉ ደወል የሚነካ ሰው አንድ አይደሉም።

ታዲያ ሕክምናው የት ደረሰ? ሐሳቡ ከሳይቶካይን በፊት ነበር ቢባል ታምናላችሁ? በ1876 ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ኤብሽታይን የአስፕሪን ዘመድ የሆነ መድኃኒት በብዛት ሲሰጥ የታካሚዎቹ የስኳር ምልክት እንደቀነሰ ጽፏል። ለምን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2001 ሳይንቲስቶች መድኃኒቱ የሚዘጋው በብግነቱ መስመር ላይ ያለ አንድ ኢንዛይም መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ሳልሳሌት የተባለው የዚሁ ዘመድ በሰው ላይ ተሞከረ። በ2013 የወጣው ውጤት ለ48 ሳምንት ወስደውት የሦስት ወር የስኳር ልኬት በ0.37 ነጥብ መውረዱን አሳየ። ሠርቷል፤ ግን ትንሽ ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል ጨመረ፣ የኩላሊት ምልክትም ትንሽ አሳሰበ። በዚያው ቀረ።

ቲ ኤን ኤፍን ማገድስ? በ1996 የስኳር ታማሚ በሆኑ ወፍራም ሰዎች ላይ ተሞክሮ ምንም ለውጥ አላመጣም። በአይጥ ያን ያህል የሠራ ነገር ማለት ነው። ኢንተርሉኪን 1 የተሻለ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ2007 70 ታማሚዎች በተሳተፉበት ጥናት አናኪንራ የተባለ ማገጃ ለከፊሎቹ ተሰጥቶ በ13 ሳምንት ይህንኑ የስኳር ልኬት፣ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር፣ በ0.46 ነጥብ አሻሻለ። በ2017 ደግሞ ከ10,000 በላይ ሰው የተሳተፈበት ጥናት መጣ። ካናኪኑማብ የተባለው ማገጃ ዳግም የሚከሰት ድንገተኛ የልብ ሕመምንና መሰሎቹን በ15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ይህ ትልቅ ዜና ነበር፤ ብግነት በልብ ሕመም ውስጥ እጁ እንዳለበት በሰው ላይ ተረጋገጠ። አዲስ የስኳር በሽታን ግን አልተከላከለም። ለሞት የሚያበቃ ኢንፌክሽንም ጨመረ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እዚህ ይሠራል። ጥፋቱ መያዝ ከሚችለው በላይ የተጫነው ስብ ነው፤ ዱላው ያረፈው ጥሪውን በሚያደርሱት መልእክተኞች ላይ ሆነ። አንዱን ብታግደው ሌላው ይናገራል፣ ምክንያቱም የሚጠራቸው ነገር አልተነሳም።

ስለዚህ በየማኅበራዊ ሚዲያው "ብግነትን ድራሹን የሚያጠፋ" እየተባለ የሚቸበቸበውን እንክብልና ዱቄት ሳይ ፈገግ እላለሁ። በእውነት ብግነትን የሚያጠፋ ነገር ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። የቲ ኤን ኤፍ ማገጃ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚደረግለት ተኝቶ የነበረው በሽታ እንዳይነሳበት ነው። ያ ዱቄት እንደሚባለው ቢሠራ ኖሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጡ ወንጀል በሆነ ነበር።

ጥሪውን ራሱን ሲያነሱት ግን ብዙ ነገር ይቀየራል። ክብደት ሲቀንስ በደም ውስጥ ያሉት የብግነት ምልክቶች ይወርዳሉ። ሴማግሉታይድን የመሳሰሉት ክብደት የሚቀንሱ አዳዲስ መድኃኒቶች የሚያነጋግሩትም በዚህ ነው። በ2023 ውጤቱ የወጣው 17,604 ሰው የተሳተፈበት ጥናት የልብ አደጋን በ20 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ አብሮም ሲ አር ፒ የተባለው የብግነት ምልክት ወርዷል። ጥቅሙ ሁሉ በክብደት መቀነስ ብቻ የመጣ ነው ወይስ መድኃኒቱ በራሱ ቁጣውን ያበርዳል የሚለው አሁንም ያከራክራል።

ደግሞ ስብ ቂም ይይዛል። በ2024 የዙሪክ ተመራማሪዎች ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ብዙ ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ስብ ከሁለት ዓመት በኋላ መርምረው ነበር። በጂኖች አሠራር ላይ የቀድሞው ውፍረት አሻራ አለ። በአይጦች ላይ አሻራው በዘረ መሉ ላይ በተለጠፉ ምልክቶች ጭምር ታይቷል፤ እነዚያ አይጦች የሚያወፍር ምግብ ሲመለስላቸው ከሌሎቹ ፈጥነው ወፈሩ። "የቀነሰው ለምን ተመለሰ" ብሎ ራሱን የሚወቅስ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ጥንቸሎቹ ልመለስ። በ1997 ጂ ዲ ኤፍ 15 የተባለ መልእክት ተገኘ፤ መጀመሪያ የተጠራው ከማክሮፌጅ ጋር በተያያዘ ስም ነው። ሕዋሳት ሲጨነቁ ይለቁታል። ተቀባዩ የታወቀው ግን በ2017 ነው፤ የተገኘውም ከአእምሮ ግርጌ፣ ማቅለሽለሽና ትውከት በሚታዘዝበት ሠፈር። በእርግዝና ጊዜ ከእንግዴ ልጁ በብዛት ይወጣል፣ የእርጉዝ ማቅለሽለሽም ከእሱ ጋር ተያይዟል። የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ ከሆነ ለውፍረት እንስጠው የተባለበት ጊዜ ነበር። ተሰጠ። ክብደቱ የቀነሰው በጥቂቱ ነው፣ ማቅለሽለሹ ግን በዛ።

በ2024 ነገሩ ተገለበጠ። ካንሰር ያከሳቸውና ይህ መልእክት በደማቸው የበዛባቸው 187 ሰዎች ፖንሴግሮማብ የተባለ ማገጃ ወይም ባዶ መርፌ ተሰጣቸው። በ12 ሳምንት ውስጥ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት ባዶውን ከወሰዱት ይልቅ በ2.81 ኪሎ ከበዱ። ሴራሚ አክሳውን ሞለኪውል ፍለጋ ከገባ አርባ ዓመት አልፎታል። ሰዎቹ ግን መልሰው ምግብ አሰኝቷቸዋል።